የደከመ መሬት ሐኪም፦ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የሕይወት ታሪክ

የጥቁር ሊቃውንት ስም በተነሣ ቁጥር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ሳይጠቀስ አያልፍም። ከኦቾሎኒ ሦስት መቶ ዓይነት ነገር ሠራ የሚባልለት ሰው ማለት ነው። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የማውቀው ይችኑ ነበር። ሰሞኑን የሕይወት ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ሰውየው የኦቾሎኒ ሰው አይደለም፤ የአፈር ሰው ነው። በሽተኛው መሬቱ ነበር፤ ኦቾሎኒው መድኃኒቱ ነው። ስሙ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቆ ቀረና በሽተኛው ተረሳ።

ይህን ለምን አነሣሁት? እኛ ነገ በየገጠሩ የምንበተን ዕጩ መምህራን ነን። አብዛኛው የምናስተምረው ልጅ የገበሬ ልጅ ይሆናል። መሬቱ እንደ ደከመበት የሚያማርር አባት የሌለው ልጅ በክፍላችን መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ የካርቨር ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ልደቱን የማያውቅ ልጅ

ካርቨር በ1864 ገደማ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት፣ ዳይመንድ በምትባል መንደር አጠገብ ተወለደ። ገደማ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተወለደበትን ቀን እሱ ራሱም በትክክል አያውቀውም ነበር። እናቱ ሜሪ ሞዝስ ካርቨር የተባለ ነጭ ገበሬ በገንዘብ የገዛት ባሪያ ነበረች። የባሪያ ልጅ ልደት ታዲያ ማን ይመዘግበዋል?

ገና ሕፃን ሳለ በእርስ በርስ ጦርነቱ ግርግር ሌሊት የሚዘርፉ ወንበዴዎች መጥተው እናትና ልጅን አፍነው ወሰዱ። ሞዝስ ካርቨር ሰው ልኮ ቢያስፈልግ የተገኘው ሕፃኑ ብቻ ሆነ። ሕፃኑን ላመጣው ሰው የተከፈለው ዋጋ አንድ ፈረስ ነው ይባላል። እናቱ ግን እንደወጣች ቀረች።

በ1865 ባርነት በሕግ ሲቀር ጆርጅና ወንድሙ ጂም እዚያው ቀሩ፤ ሞዝስና ሚስቱ ሱዛን አሳደጓቸው። ጆርጅ ሕመምተኛ ልጅ ስለ ነበር ከባዱን የእርሻ ሥራ አልቻለም። ከሱዛን ጋር ቤት እየዋለ ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማብሰልና መስፋት ተማረ። ፊደል ያስቆጠረችውም እሷ ናት። በተረፈው ጊዜ ጫካ ይገባል። በጫካው ውስጥ ሰው የማያውቃት ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበረችው። የታመመ አበባ ያገኘ እንደሆነ ወደዚያች ቦታ ወስዶ፣ አፈሩን ለውጦ፣ ጥላውንና ፀሐዩን እየመረጠ ያስታምመዋል። ውሎ አድሮ ጎረቤቶቹ ተክል ሲጠወልግባቸው እሱን ያስጠሩ ጀመር፤ የተክል ሐኪም የሚል ስምም አወጡለት።

ትምህርት ፍለጋ

በመንደሩ የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ አይቀበልም። ስለዚህ ጆርጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው በእግሩ ኒዮሾ ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ ማሪያ ዋትኪንስ የተባለች አዋላጅና ልብስ አጣቢ ጥቁር ሴት ከባሏ ጋር አስጠጋችው። በማጠብና በመተኮስ እየረዳት ተማረ። ይህች ሴት የተማረውን ሁሉ ተመልሶ ለወገኑ እንዲያካፍል አደራ ጥላበት ነበር። አደራውን እስከ ሞት አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የእንከራተት ዘመን ነው። ካንሳስ ግዛት ገብቶ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ልብስ እያጠበና ወጥ ቤት እየሠራ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1879 ፎርት ስኮት በተባለች ከተማ ሳለ ነጮች አንድ ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ ሲገድሉ በዓይኑ አየ፤ ወዲያውኑ ከተማዋን ጥሎ ሄደ። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ምንም ጨርሶ ሃይላንድ ለሚባል ኮሌጅ በደብዳቤ አመለከተ፤ ተቀበሉት። ሻንጣውን ይዞ በአካል ሲቀርብ ግን ጥቁር መሆኑን አዩና መለሱት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሱ በ1886 ወደ ምዕራብ ካንሳስ ወርዶ ጠፍ መሬት ያዘ፤ ከሣራማ አፈር በተቆረጠ ጡብ ጎጆ ቀልሶ በእጁ አርሶ ኖረ። ኋላ ወደ አዮዋ ግዛት ተሻግሮ በ1890 ሲምፕሰን ኮሌጅ ገባ። የገባው ሥዕል ለመማር ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በእርግጥም ጥሩ ሠዓሊ ነበር፤ በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥዕሉ ቀርቦለታል። የሥዕል አስተማሪው ኤታ ባድ ግን ተክል ሲሥል ያለውን ዕውቀት አይታ፣ ሥዕል ለአንድ ጥቁር ሰው እንጀራ እንደማይሆን ሠግታ፣ አባቷ ወደሚያስተምርበት ወደ አዮዋ የእርሻ ኮሌጅ እንዲሄድ ገፋፋችው። በ1891 ገባ። በዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ እሱ ነው። በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1896 ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ። እዚያው የመጀመሪያው ጥቁር አስተማሪም ሆነ። ልዩ ጥናቱ ተክል ላይ የሚወጡ ፈንገሶችና በሽታዎቻቸው ነበሩ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሥር ላይ ያለችው ጉጥ

ታሪኩን እዚህ ላይ ትንሽ ገታ አድርገን ስለ አፈሩ ካልተነጋገርን የሚቀጥለው አይገባንም።

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን ቅጠል አያወጣም፤ ፕሮቲንም አይሠራም። ታዲያ አየሩ ሙሉ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ሰብል ለምን በናይትሮጅን እጥረት ይቀጭጫል? ምክንያቱም በአየር ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው እጅግ አጥብቀው ስለ ተያያዙ ተክል በራሱ ጉልበት ሊያላቅቃቸው አይችልም። ወንዝ ዳር ቆሞ በጥም እንደ መሞት ያለ ነገር ነው።

የጥራጥሬ ቤተሰብ የሆኑ ተክሎች ግን ዘዴ አላቸው። ባቄላ ወይም አተር ከነሥሩ ነቅላችሁ ካያችሁ ሥሩ ላይ ትናንሽ ጉጦች አሉ። በጉጦቹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን አላቅቀው ተክሉ ሊወስደው ወደሚችለው መልክ ይለውጡታል። ተክሉ በበኩሉ በፀሐይ ያዘጋጀውን ስኳር ይመግባቸዋል። በእኛ አገር አባባል ወንፈል ነው፤ አንዱ ለአንዱ ይሠራል። ይህን ጀርመናዊው ሄልሪገል በ1886 አስታወቀ፤ የሆላንዱ ቤይሪንክ ደግሞ በ1888 ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ አሳደገ። ካርቨር የእርሻ ኮሌጅ የገባው በ1891 መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ ዕውቀቱ ገና ትኩስ ነበር። የካርቨር ሥራ ይህን ትኩስ ዕውቀት ፊደል ወዳልቆጠረ ገበሬ ማሳ ማድረስ ሆነ።

ቱስኬጊ

በ1896 ቡከር ዋሽንግተን የተባለው ታዋቂ ጥቁር መሪ በአላባማ ግዛት ወዳቋቋመው ወደ ቱስኬጊ ትምህርት ቤት ጠራው። ካርቨር በአዮዋ የተመቻቸ ሥራ ነበረው፤ ትቶት ሄደ። የማሪያ ዋትኪንስ አደራ ትዝ ብሎት ይሆናል።

ቱስኬጊ ሲደርስ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር የለም። ተማሪዎቹን አሰልፎ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወሰዳቸው። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የተጣለ ማሰሮ፣ የላምባ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ ያገኙትን ሁሉ ለቃቅመው መጡ፤ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ በዚህ ተሠራ። መርጃ መሣሪያ የለም እያልን የምናማርር ሰልጣኞች ይህን ብናስብ አይከፋም።

ከላቦራቶሪው የባሰው ግን መሬቱ ነበር። በአካባቢው ለብዙ ዘመን የተዘራው ጥጥ ብቻ ነው። ጥጥ አፈሩን ይመጠምጣል፤ ዝናብ ደግሞ ባዶውን ማሳ ያጥበዋል። ገበሬው ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። ከባርነት ነፃ የወጣው ጥቁር መሬት የለውም፤ የባለ መሬቱ ጭሰኛ ነው። ዘርና ቀለብ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለ ዱቤው ደግሞ ጥጥ ካልሆነ አይቀበለውም። ስለዚህ ዓመት ዓመት ጥጥ ይዘራል፤ መሬቱ በደከመ ቁጥር ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ በቀነሰ ቁጥር ዕዳው ይከመራል። የአፈሩ ድካምና የሰውዬው ባርነት አንድ ገመድ ሆነው ነበር።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ግዛ ቢባል በምን ገንዘቡ ይገዛል? ካርቨር ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ፈለገ። ለሙከራ በተሰጠው የተራቆተ መሬት ላይ ካውፒ የሚባለውን የአደንጓሬ ዘመድ፣ ስኳር ድንችና ኦቾሎኒ እያፈራረቀ ዘራ። ካውፒና ኦቾሎኒ ሥራቸው ላይ ጉጥ አላቸው፤ ለሰውም ሥጋን የሚተካ ምግብ ናቸው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉንና አገዳውን ወደ አፈር መልሶ ማረስ አስተማረ፤ ሁሉን ነቅሎ መውሰድ የተሰጠውን መልሶ መንጠቅ ነውና። በተጨማሪም ከጫካ ሥር የበሰበሰ ቅጠል፣ ከረግረግ ጥቁር ጭቃ እያመጡ ማሳ ላይ መበተንን አሳየ። ጫካ አፈሩን ማንም ማዳበሪያ ሳይጨምርለት እንዴት ለም አድርጎ እንደሚያቆይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነገር ነበር። በ1905 ስለ ተራቆተ መሬት አያያዝ የጻፈው ቡሌቲን ይህንኑ ተራ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል።

ክፍሉ ጋሪ ላይ

ሆኖም ማንበብ ለማይችል ሰው ቡሌቲን ምን ያደርግለታል? ገበሬው ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣት ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ወደ ገበሬው መሄድ አለበት። በ1906 ሞሪስ ጀሰፕ የተባለ ባለጸጋ በረዳው ገንዘብ በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ተሠራ። በጋሪው ላይ ማረሻ፣ ዘር፣ የወተት መናጫና የመሳሰለው ተጭኖ በየመንደሩ ይዞራል። ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ፣ በራሱ አፈር፣ በዓይኑ እያየ ይማራል። ዛሬ የግብርና ኤክስቴንሽን የምንለው አሠራር በዚያ አገር ካሉት ቀዳሚ ጅምሮች አንዱ ይህ ጋሪ ነው።

ካርቨር ፍጹም ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። ጎበዝ አስተማሪ ይሁን እንጂ አስተዳደር አይሆንለትም። የዶሮ ርባታው ተበላሽቶበት ከዋሽንግተን ጋር ብዙ ጊዜ ተጨቃጭቀዋል፤ ሥራ እለቃለሁ እያለ ስንት ጊዜ አስፈራርቷል። ግን አልለቀቀም። ዋሽንግተን በ1915 ሲሞትም እዚያው ነበር።

ነቀዙና ዝናው

ከሜክሲኮ የተነሣው የጥጥ ነቀዝ በ1892 ቴክሳስ ገብቶ እየተስፋፋ በ1910 አላባማ ደረሰ። ይህ ነቀዝ የጥጡን እምቡጥና ፍሬ ከውስጥ ይበላል። አገሩ በሙሉ የተዘራው አንድ ሰብል ስለ ነበር ነቀዙ ከማሳ ማሳ የሚያቆመው አላገኘም። ብዙ ገበሬ ከሰረ። ያን ጊዜ ነው የግዳቸውን ወደ ሌላ ሰብል በተለይም ወደ ኦቾሎኒ ያዘነበሉት። ካርቨር በ1916 ኦቾሎኒን ስለ ማልማትና በ105 ዓይነት ስለ ማዘጋጀት የጻፈው ቡሌቲን ወቅቱን ያገኘ ሆነ። በደቡብ አላባማ ያለችው ኢንተርፕራይዝ የተባለች ከተማማ በ1919 ለነቀዙ ሐውልት አቆመችለት፤ ከጥጥ ጥገኝነት ስላላቀቃት ማለት ነው። ለውጡን ያመጣው ካርቨር ብቻውን ነው ብሎ መናገር ግን ማጋነን ነው።

በ1921 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ኦቾሎኒ እንዲያስረዳ ዐሥር ደቂቃ ተሰጠው። መጀመሪያ ላይ የቀለዱበት ነበሩ። ከሣጥኑ ውስጥ የሠራቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያወጣ ሲያሳይ ሰዓቱ ተረስቶ ከተሰጠው እጅግ አስረዝመው አዳመጡት። ከዚያ ወዲያ ዝናው ገነነ፤ ጋዜጦች የኦቾሎኒ ጠንቋይ አደረጉት። የኦቾሎኒ ቅቤን ፈለሰፈ መባሉ ግን ስሕተት ነው፤ ከሱ በፊት ነበረ። ከተዘረዘሩት ሦስት መቶ ነገሮችም አብዛኞቹ ገበያ አልወጡም። እውነቱን መናገር ክብሩን አይቀንስበትም። ኦቾሎኒ የሚፈላለግበትን መንገድ ያበዛው ገበሬው ለአፈሩ ብሎ የዘራው ሰብል ገዢ እንዳያጣ ነው።

ሚስት አላገባም። አሮጌ ኮት ለብሶ፣ ኮቱ ላይ ትኩስ አበባ ሰክቶ ይሄድ ነበር። ያጠራቀመውን 60,000 ዶላር ገደማ በስሙ ለተቋቋመው የምርምር ድርጅት ሰጠ። 47 ዓመት ካስተማረ በኋላ ጥር 5 ቀን 1943 ሞተ፤ ቱስኬጊ ውስጥ ከዋሽንግተን መቃብር ጎን ተቀበረ።

ከኦቾሎኒ ወደ ዛፍ

የጥራጥሬ ቤተሰብ ባቄላና ኦቾሎኒ ብቻ አይደለም። ግራር፣ ብርብራ፣ ሰስባንያና ሉሲና የዚሁ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ያችኑ ጉጥ ያወጣሉ። ኦቾሎኒ በአንድ ክረምት የሚሠራውን ዛፍ ለዓመታት ይሠራዋል፤ ቅጠሉም እየረገፈ ናይትሮጅኑን ለአፈሩ ያወርሳል። በሞቃት አገሮች በሚተከሉ ደኖች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ባሕር ዛፍ ናይትሮጅን አያዘጋጅም፤ ተቆርጦ በተጫነ ቁጥር ከአፈሩ ይዞ ይሄዳል። በሃዋይ ደሴት ቀድሞ ሸንኮራ አገዳ በነበረበት መሬት ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዛፍን ከአልቢዝያ ጋር ቀላቅለው ተክለው ነበር። ናይትሮጅን ከሚያዘጋጀው ጎረቤቱ ጋር ያደገው ባሕር ዛፍ ወፈረ፤ በአፈሩም ውስጥ ናይትሮጅን ጨመረ። በአንጻሩ አልቢዝያው በበዛበት ፎስፎረስ ቀነሰ። ነፃ ስጦታ የለም እንግዲህ፤ ሚዛኑን ማየት ያስፈልጋል። ደግሞም የቤተሰቡ አባል ሁሉ ጉጥ አያወጣም፤ በየከተማው ለጥላ የምንተክለው የድሬዳዋ ዛፍ አያወጣም ከሚባሉት ነው።

እኔ የመጣሁት ከአዊ ነው። በፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዘር ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉን ቆርጦ ከሰል አክስሎ ይሸጥና መልሶ ያርሰዋል። አባቴ ማሳ ላይ አሲዳም ሆኖ ጤፍ አልሰጥ ብሎ የነበረው አፈር ከዛፉ በኋላ ሲያገግም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለትምህርቴ የወጣው ገንዘብም ከዚያው ዛፍ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዋግ መሳይ የፈንገስ በሽታ ገባበትና ዛፉን ያደርቀው ጀመር። ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለ ነበር በሽታው እንደ አላባማው ነቀዝ የሚያቆመው አላገኘም።

ይዛችሁ ቆዩልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይኸው ነው። ካርቨር ፈንገስ ያጠና ሰው ነው፤ በአንድ ተክል ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል በሕይወቱ አይቶታል። አፈርን የሚያክም ተክል እንኳ ብቻውን ሲነግሥ በሽታ ይጠራል። እሱ ያስተማረው ኦቾሎኒን በጥጥ ቦታ ማንገሥ አልነበረም፤ ማፈራረቅንና መቀላቀልን ነው። እኛ አዊ ይህን ግማሹን ብቻ የተማርን ይመስለኛል።

ጓዶች ሰልጣኞች፤ ከግቢያችን አጥር አጠገብ ባቄላ ተዘርቷል። አንዱን በዶማ ቀስ ብለን ከነአፈሩ አውጥተን፣ ሥሩን በውሃ አጥበን፣ አንዲት ጉጥ በምላጭ እንሰንጥቅ። ውስጧ ቀላ ያለች ከሆነች እየሠራች ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነች ገና ናት ወይም ሥራ አቁማለች። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ምላጭና ውሃ ይበቃል። ከዚያ በየምድባችን ስንሄድ ልጆቹን ይህንኑ እናሳያቸው። ማታ ቤታቸው ገብተው ለአባታቸው ይነግሩታል። የካርቨር ጋሪ እዚያ ደረሰ ማለት ነው።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሰልጣኝ